የተማሪ ጎጆና የወንድማማች ቤት



በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ስለ መዋጮ፣ ስለ ድንኳንና ስለ ወንበር ከሚቀርበው ሪፖርት ሌላ ለእውቀት የሚሆን ነገርም እንዲወጣ ብዙ ጊዜ ይነገራል። እኔም በበኩሌ ካነበብሁትና ከታላላቆች ከሰማሁት ጥቂት ለማካፈል ብዕር አንሥቻለሁ። የተማርሁት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ዕድሜዬን የጨረስሁት በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ነው። ዩኒቨርሲቲ ያልገባ ሰው ስለ ተማሪዎች ማኅበር ምን አግብቶት ይጽፋል የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን ሰዎች ከየአገሩ መጥተው በአንድ ጣራ ሥር ወንድማማች ሲሆኑ፣ ቤቱን ማን ይጠብቃል? ደንቡን ማን ያስከብራል? ወጥቶ የሄደውስ የማን ነው? የሚለው ጥያቄ የእድርተኛም ጥያቄ ነው።

ይልቁንም እኛን የልደታ ሰዎችን በጣም ይመለከተናል። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በሠፈራችን በተካሄደው መልሶ ማልማት አያሌ ቤተሰብ ቤቱን ለቆ ወደ ኮንዶሚኒየም ሄዷል። ዛሬ ከጀሞ፣ ከገላን፣ ከየካ አባዶ ሁለት ታክሲ ቀይሮ ለቀብር የሚመጣ አባል አለን። በዚያው ልክ ደግሞ «ከሠፈር የወጣ ከእድር ይውጣ» የሚል ድምፅ በየስብሰባው ይሰማል። ስለዚህ ሌሎች እንዴት እንደ ኖሩ ማየት ሳይጠቅመን አይቀርም።

የባሕር ማዶው የወንድማማች ማኅበር

ልጆቻቸው አሜሪካ የሚማሩላቸው አባላት «ፍራተርኒቲ» የሚባል ነገር ሲነሣ ሰምተው ይሆናል። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ወንድማማችነት ማለት ነው። የኮሌጅ ተማሪዎች የሚያቋቁሙት ማኅበር ሲሆን፣ በየኮሌጁ ቅርንጫፍ አለው። ስያሜው በግሪክ ፊደላት ነው። መጀመሪያ የተቋቋመው ፋይ ቤታ ካፓ የተባለው ነው፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1776 በቨርጂኒያ በዊልያም ኤንድ ሜሪ ኮሌጅ ነው። ይህኛው በኋላ የጎበዝ ተማሪዎች የክብር ማኅበር ሆኖ ቀርቷል።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው አልፋ ፋይ አልፋ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 4 ቀን 1906 በኒው ዮርክ ግዛት በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሰባት ጥቁር ተማሪዎች አቋቋሙት። በዚያን ጊዜ የነጮቹ ማኅበራት ጥቁር አያስገቡም ነበር። አንድ ጥቁር ተማሪ በዚያ ብርድ አገር አብሮት የሚያጠና፣ ሲከፋው የሚያጽናናው ሰው ቢያጣ ትምህርቱን ጥሎ ይሄዳል። እንግዲህ ማኅበሩ መነሻው ችግር ነው፤ ልክ እንደ እድር ማለት ነው። ኋላ ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግም የዚህ ማኅበር አባል ሆነዋል።

አሁን ልብ በሉልኝ። ከእነዚህ ማኅበራት ብዙዎቹ ቤት አላቸው፤ ተማሪዎቹም እዚያው ይኖራሉ። ታዲያ የቤቱ ባለቤት ማን ይመስላችኋል? በብዙው ቦታ ዛሬ የሚኖሩበት ልጆች አይደሉም። ተማሪው በአራት ዓመት ወጥቶ የሚሄድ መንገደኛ ነው፤ ጣራው ቢያፈስ ለሚቀጥለው ይተወዋል። ስለዚህ ቀድሞ ተምረው የወጡት ሰዎች ራሱን የቻለ የቤት ድርጅት ያቋቁማሉ፤ ንብረቱ በድርጅቱ ስም ይመዘገባል፤ ከነዋሪዎቹ ኪራይ ይሰበሰባል፤ ግብሩና እድሳቱ ከዚያው ይከፈላል። የወጣው ሰው እንግዳ ሳይሆን ባለአደራ ነው ማለት ነው።

ጉድለቱም ሊነገር ይገባል። በአንዳንዶቹ ዘንድ አዲስ ገቢውን «እንፈትነው» እያሉ ማንገላታትና ከልክ በላይ መጠጥ ማጠጣት ልማድ ሆኖ የሞቱ ወጣቶች አሉ። ይህ ድርጊት በብዙዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች በሕግ የተከለከለ ነው። ታናሽን የሚያዋርድ ወንድማማችነት ስሙ እንጂ ምግባሩ የለም።

የቆሎ ተማሪ ጎጆ

ወደ አገራችን እንመለስ። በእኛ አገር የዚህ ዓይነት ወንድማማችነት ከውጭ የመጣ አይደለም። የግሪክ ፊደል ሳያስፈልገው በየደብሩ ጥግ ሲኖር የቆየ ነው፤ የቆሎ ተማሪ ማለቴ ነው።

እንደሚታወቀው የአብነት ትምህርት በየቤቱ የተከፈለ ነው። ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅዳሴ ቤት፣ አቋቋም ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጽሐፍ ቤት ይባላል። ሁሉም በአንድ ስፍራ አይገኝም። ድጓ የፈለገ ወደ ጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ወደ ዙር አምባ፣ ቅዳሴ የፈለገ ወደ ሰለልኩላ ወይም ወደ ደብረ ዓባይ፣ ቅኔ የፈለገ ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዋድላ ይሄዳል። ስለዚህ ተማሪው በልጅነቱ አገሩን ይለቃል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ እየለመነ ይማራል።

ማደሪያው ጎጆ ነው። ጎጆዋን የሚሠሩት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ እንጨቱን ይቆርጣሉ፣ ጭቃውን ያቦካሉ፣ ክረምት ሳይገባ ሣሩን ይከድናሉ። አንድ ተማሪ ትምህርቱን ጨርሶ ወይም ሌላ መምህር ፍለጋ ሲነሣ ጎጆዋን ነቅሎ አይሄድም፤ ለሚመጣው ይተዋታል። እሱም የገባባት ሌላው የተዋትን ነው። ያ ልጅ ማን ይሁን፣ የማን አገር ሰው ይሁን አይታወቅም፤ ግን መምጣቱ አይቀርም። ይህች አንዲት ልማድ ትልቅ ሕግ ናት።

ሥራው በተራ ነው። ውሃ የሚቀዳ፣ እንጨት የሚለቅም፣ የመምህሩን ቤት የሚያገለግል ተራ አለው። የተለመነው ቁራሽ ለታመመውም ይደርሳል። ትምህርቱም እንደዚሁ ነው። መምህሩ አንድ፣ ተማሪው ብዙ ስለሆነ፣ የበሰለው ጀማሪውን ያስጠናል። ዛሬ ያስጠናው ልጅ ትናንት ሌላው ያስጠናው ነው። በቅኔ ቤት ጀማሪው ቆጥሮ ያመጣውን ቅኔ መጀመሪያ የሚያርምለት ብዙ ጊዜ ከፍ ያለው ተማሪ ነው።

አሁን ደግሞ እኛን እድርተኞችን የሚነካውን ልንገራችሁ። ያ ልጅ ወላጆቹ ያለበትን እንኳ ላያውቁ ይችላሉ። ወረርሽኝ ገብቶ ቢታመም ራሱን ደግፎ ውሃ የሚያጠጣው የጎጆ ጓደኛው ነው፤ ቢሞትም ገንዞ የሚቀብረው እሱው ነው። መዝገብ የለው፣ መዋጮ የለው፣ ማኅተም የለው፤ ግን እድር ነው። ስሙ አልተጠራም እንጂ ሥራው ያው ነው።

እንዲህ ያለው ኑሮ የአንድ ሃይማኖት ብቻ አይደለም። በወሎ እነ ዳና፣ ገታና ጀማ ንጉሥ ስመ ጥር የእስልምና ትምህርት ስፍራዎች ናቸው። እዚያም ደረሳው ከሩቅ አገር መጥቶ፣ ከሼኹ ዘንድ አድሮ፣ የአገሬው ሰው በሰጠው እህል እየኖረ ኪታብ ሲቀራ ኖሯል። በእድራችን የሁለቱም ልጆች ስላሉ ይህን ማስታወስ ተገቢ መሰለኝ።

ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው በጎጃም በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የአብነት ትምህርት ተምረዋል። በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በተባለው መጽሐፋቸውም ዲማ ትልቅ ስፍራ ይዟል። ወጥቶ የሄደ ተማሪ ያደገበትን ቤት እንዳልረሳ ከዚህ የበለጠ ምስክር ምን ያስፈልጋል።

የማይቃጠል ቤት

እዚህ ላይ ስለ «ቤት» ቃል ጥቂት ልበል። በአብነቱ ትምህርት ቤት ሲባል ግድግዳና ጣራ ብቻ አይደለም። የመጻሕፍት ትርጓሜ በጎንደር «ላይ ቤት» እና «ታች ቤት» ተብሎ ተከፍሏል። የታች ቤትን ትርጓሜ ያወጡት መምህር ኤስድሮስ እንደ ሆኑ ሊቃውንቱ ይናገራሉ። በድጓም የቤተልሔም፣ የቆማ፣ የአጫብር እየተባለ ዜማው ይለያል። ስለዚህ አንድ መምህር ሸዋ ወይም ወለጋ ተቀምጦ «እኔ የታች ቤት ነኝ» ይላል። ቤቱ የት ነው ብትሉት የሚያሳያችሁ ሕንፃ የለውም። የሚቆጥርላችሁ የመምህራን ሐረግ ነው፤ እኔ ከእገሌ ተማርሁ፣ እሱ ከእገሌ፣ እሱም ከእገሌ እያለ ወደ ላይ ይወጣል።

በጥር ወር 1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ጎንደር ገብተው አብዛኛውን አብያተ ክርስቲያናት አቃጠሉ። ስንት መጽሐፍ፣ ስንት ጉባኤ ቤት አብሮ ነደደ። ይሁን እንጂ ላይ ቤትም፣ ታች ቤትም አልጠፋም። ለምን ቢባል በዚያን ቀን ቤቱ ያለው ጎንደር ብቻ አልነበረም። ተምረው በወጡት ሰዎች ልብ ውስጥ ሆኖ በየአውራጃው ተበትኖ ነበር። መበተኑ አዳነው። ወጥተው የሄዱት ከሐረጉ ተሰርዘው ቢሆን ኖሮ እሳቱ ሁሉንም ባንድ ቀን በጨረሰ ነበር።

አዲሱ ተማሪና አዳሪ ቤቱ

ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣም ነገሩ በአዲስ መልክ ቀጠለ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት አዳሪዎች ነበሩት። ከአብዮቱ በኋላ ስሙ እንጦጦ ተብሎ ሲለወጥ የቀድሞ ተማሪዎቹ «እኛ የተፈሪ መኮንን ልጆች ነን» ማለታቸውን አልተዉም። ስም በአዋጅ ይለወጣል፤ ቤተኛነት ግን በአዋጅ አይነሣም።

የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ1943 ዓ.ም. በአራት ኪሎ ተከፈተ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ዶክተር ሉሲየን ማት የሚባሉ የካናዳ ተወላጅ የየሱሳውያን ካህን ነበሩ። የተማሪው ምግብና መኝታ በመንግሥት ነበር። ከጎጃም፣ ከሐረር፣ ከወለጋ፣ ከትግራይ፣ ከኤርትራ የመጣ ልጅ አንድ ክፍል ያድራል፣ አንድ ገበታ ይቀርባል። ከ1951 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የመጡ ተማሪዎች ተጨመሩበት። ማታ ማታ በአዳሪ ቤት የተጀመረው ጭውውት በየሰዉ አእምሮ ውስጥ ስለ አገርና ስለ ነፃነት ብዙ ነገር አነሣሣ። በዓመት አንድ ጊዜ በሚከበረው የኮሌጅ ቀን የሚነበቡት ግጥሞችም ጃንሆይ በተገኙበት ስለ ድሀው ኑሮ ይናገሩ ጀመር።

በ1954 ዓ.ም. ጃንሆይ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥትን ለዩኒቨርሲቲው ሰጥተው፣ ስድስት ኪሎ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ሆነ። ነገር ግን ግጥሙ መንግሥትን ስላስቆጣ በ1955 ዓ.ም. ገደማ የአዳሪነቱ ሥርዓት እንዲቀር ተደረገ። ተማሪው ከተማ ገብቶ ቤት እየተከራየ፣ ሦስትም አራትም ሆኖ ክፍል ይጋራ ጀመር። ቤታቸውን ሲያጡ ወንድማማችነታቸው ይላላል ተብሎ ከሆነ አልሆነም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ ወጡ። በዚያው ዓመት በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎትም ተማሪው አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ እያስተማረ የገበሬውን ኑሮ በዓይኑ አየ።

በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተመትቶ ሞተ። ጓደኞቹ ያደረጉት የመጀመሪያ ነገር ምን ነበር? አስከሬኑን ወደ ስድስት ኪሎ ግቢ ወስደው አለቀሱለት። ወታደሮች ገብተው ተኩስ ከፈቱ፤ ሌሎችም ተማሪዎች ሞቱ። የጎጆው ሕግ እዚህም ነበረ ማለት ነው፤ ጓደኛህን ቅበር የሚለው ሕግ።

የሚያሳዝነው የኋላው ነው። ከአንድ ግቢ የወጡ፣ አንድ ዳቦ ቆርሰው የበሉ ልጆች በአብዮቱ ጊዜ በኢሕአፓና በመኢሶን ተከፍለው ጠላት ሆኑ። ፍቅርም፣ ድፍረትም፣ ለድሀው መቆርቆርም ነበራቸው። ያልነበራቸው ሳይስማሙ አብሮ የሚያኖር ደንብና ሲጣሉ ገብቶ የሚያስታርቅ ታላቅ ወንድም ነው። ከእነሱ በፊት የወጡ ሽማግሌ አባላት አልነበሯቸውም፤ የቀደመውን ሁሉ አሮጌ ብለውት ነበር። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ስንቱ ወጣት ረገፈ። ልጇ በር ላይ ተጥሎ ያየች እናት ማልቀስ ተከልክላለች፤ ድንኳን መጣልም አልተቻለም። የእድርን ትርጉም በደንብ ያወቅነው እድር እንዳይሠራ በተደረገበት በዚያን ጊዜ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ለእነዚያ ሰዎች መታሰቢያ ሙዚየም መስቀል አደባባይ አጠገብ የተከፈተው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ለቅሶ ተቀመጥን ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ከተነሡት የተማሪ ማኅበራት ሥርዓቱን አሳምሮ ያስያዘ ማኅበረ ቅዱሳን ነው። በ1983 ዓ.ም. ለወታደር ሥልጠና ብላቴ ከተወሰዱት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል የተጀመረው መሰባሰብ መሠረት ሆኖ፣ ማኅበሩ በ1984 ዓ.ም. ተቋቋመ። ሃይማኖቱን የሚመለከተውን ለባለቤቶቹ ትቼ አሠራሩን ብቻ ልጥቀስ። ተማሪው በኮሌጅ ሳለ በግቢ ጉባኤ ይታቀፋል። ተመርቆ ሥራ ሲይዝ አያሰናብቱትም፤ በሄደበት ከተማ ባለው ማእከል ገብቶ ያገለግላል፣ ከደመወዙም መዋጮ ይከፍላል። ቀድሞ የወጣው ገና ለሚማረው ይደርሳል። የጎጆዋ ልማድ በጽሑፍ ሰፍሮ መዋቅር ያዘ ማለት ነው።

ለእድራችን የሚተርፈው

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የተረዳሁትን በአጭሩ ላቅርብ። የወንድማማች ቤት በሦስት ነገር ይቆማል። አንደኛ፣ ቤቱ ለሚመጣው ሰው የተጠበቀ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ድካሙ በተራ መሆን አለበት፤ ታላቅም ታናሽም ውሃ መቅዳት አለበት። ሦስተኛ፣ የወጣው ሰው ከሐረጉ መቆጠር የለበትም የሚባልበት ምክንያት ሊኖር አይገባም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ሃምሳው ሰው በአንድ ቀበሌ ይኑር ግን አልተባለም።

በሥራ ዘመኔ የሠራሁት መዝገብ ስለሆነ፣ ሐሳቤንም በመዝገብ ቋንቋ ባቀርብ ይቅርታ አድርጉልኝ። ፋይል ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ሲሄድ ስሙ ላይ መስመር አይሰመርበትም። «ወደ እንዲህ ያለ ክፍል ተላልፏል» ተብሎ ቀኑ ይጻፋል። ሲፈለግም ይገኛል። መስመር የሚሰመርበት የሚወገድ ወረቀት ነው። የእድራችንም የአባላት መዝገብ አንድ ዓምድ ይጨመርበት እላለሁ፤ «አድራሻ የለወጠ» የሚል። የሄደበት ሠፈርና የስልክ ቁጥሩ ይያዝ። መዋጮውን በባንክ ይክፈል። በየወሩ መምጣት ባይችል ለቀብርና ለጠቅላላ ጉባኤ ይምጣ። እዚያው ሩቅ ሠፈር ሁለት ሦስት አባሎቻችን ቢኖሩ፣ ከእነሱ አንዱ ሞት ሲደርስ መጀመሪያ ደራሽ እነሱ ይሁኑ፤ ድንኳኑ እስኪደርስ ልክ እንደ ጎጆ ጓደኛ ይቁሙ።

ንብረታችንንም በሚመለከት፣ ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱና አግዳሚው በዳኛው ወይም በገንዘብ ያዡ ቤት መሆኑ ለጊዜው ነው። ሁሉም በእድሩ ስም በቁጥር ተመዝግቦ፣ የኮሚቴ ለውጥ ሲደረግ ቁልፉ በርክክብ ይሰጥ። ወጣቶችንም «ገና ናችሁ» እያልን ወንበር ብቻ ከምናሸክማቸው፣ መዝገቡን ከእኛ ጋር እንዲጽፉ ይደረግ። የበሰለው ጀማሪውን ያስጠና ማለት ይኸው ነው። እኛ እኮ ብዙ አንቆይም፤ ጎጆዋን ለማን እንደምንተው ከወዲሁ ማወቅ አለብን።

የተፈረሰው የሠፈራችን ቤት ተመልሶ አይሠራም። ላይ ቤትና ታች ቤት ግን ጎንደር ከተቃጠለ በኋላም ቤት ናቸው። ይህን በማስተዋል፣ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ «አድራሻ የለወጠ» የሚለው ዓምድ በአጀንዳ እንዲያዝልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። ከሩቅ ሠፈር ለምትመጡ አባሎቻችን ደግሞ፣ የስብሰባው ቀን እንደ ወትሮው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነውና እንዳትቀሩብን።